ለሁለት ሰው የተያዘ ክፍል

ከእስራኤል ከተመለስሁ ጀምሮ ሱቄ ደጃፍ የሚቆም ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ማሩ፣ ስንት ፈጀብህ?» ኢየሩሳሌምን አየህ ወይ የሚለኝ እንኳ ከሱ ቀጥሎ ነው። አልፈርድባቸውም። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሚስማርና ማጠፊያ ስሸጥ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ አንድም ቀን የተጠራልኝን ዋጋ ከፍዬ ዕቃ ገዝቼ አላውቅም። እናቴ ራሷ «ይኸ ልጅ መንግሥተ ሰማያት በር ላይ ቆሞም መጨረሻው ስንት ነው ሳይል አይገባም» እያለች ትስቅብኝ ነበር፤ ነፍሷን ይማርና።

እንግዲህ አገሩን ላላያችሁትም ለማታዩትም መንገዱን ከረቡዕ እስከ እሁድ እንዳለ ልንገራችሁ። ርካሽ ትኬትና ርካሽ ማደሪያ እንዴት እንደሚገኝም እግረ መንገዳችሁን ትሰማላችሁ። ከዚያ በኋላ ስንት ፈጀብህ የሚለኝ ካለ ይምጣ።

ታላቅ እህቴ ዝናሽ ቤተ እስራኤል ከሆነው ባሏ ጋር ወደ እስራኤል ከወጣች ሃያ ዓመት ሆኗታል። ቂርያት ማላኪ በምትባል ከተማ፣ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ባሏ ካረፈ ቆይቷል፤ ልጅ የላትም። ቤኤር ቱቪያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር አትክልት ታሽጋለች። በዚህ ሁሉ ዘመን እናታችንን እናኑን በዓይኗ አላየቻትም። ልመጣ ነው ስትል ባሏ ይታመማል፤ ልመጣ ነው ስትል እዚህ መንገድ ይዘጋል። በመጨረሻ «እኔ ካልመጣሁ እሷን አመጣታለሁ» ብላ ቆረጠችና ለእናቴና ለኔ ግብዣ ላከች። ቪዛው ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ወጣ።

ትኬቱን በስልክ አብረን ፈለግን። እሷ ከፋብሪካ ስትወጣ ትደውልና «ማሩዬ፣ ይኸኛውስ?» ትለኛለች። እኔ እንደ ልማዴ «ጠብቂ እታለም፣ ይወርዳል» እላታለሁ። እውነቴን ነው፣ ይወርዳል። የነሱ በዓል ያለበትን ሳምንት ሽሹት። ከቅዳሜና እሁድ የሐሙሱ ይረክሳል። ለሁለት ሰው በአንድነት ሲያዝ ይቀንሳል፤ ገንዘቡ አይመለስም የተባለ ትኬት ደግሞ ከሁሉም ይረክሳል። ከመስቀል በኋላ ወዲያው የሚነሳ አንድ አግኝታ ነበር። «አምስት ሳምንት ብንታገሥ በግማሽ ዋጋ አለ» አልኳት። ታገሠች። እናቴም ታገሠች። ለመንገዱ የተገዛላትን ነጭ ሸራ ጫማ እያደረገች በየጠዋቱ ግቢ ውስጥ ትመላለስ ነበር። ያ የአይሮፕላን ደረጃ ጉድ እንዳያደርገኝ ትላለች።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት የጫማዋን ኮቴ አልሰማሁም። ቁርስ ቀርቧል ልላት ስገባ አርፋለች። በመጀመሪያው ትኬት ሄደን ቢሆን ያን ጠዋት የሚያገኛት እህቴ ቤት ነበር። ይኸን ሐሳብ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከራሴ ላይ ማውረድ አልቻልሁም።

መቼም በኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ያውም ብቻዋን አራተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖር ሴት! ዘመድ ተሰብስቦ «ማሩ ሄዶ፣ እዚያ ካሉ ሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ያርዳት» ተባለ። እስከዚያው ድረስ በደወለች ቁጥር አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፣ አንድ ቀን ተኝታለች፣ አንድ ቀን ጆሮዋ ስልክ አልሰማ ብሏል እያልን ከረምን። የእናቴን ትኬት መሰረዝም አልቻልንም። ትኬቱ የተያዘው በእህቴ ስልክ ስለሆነ ስንሰርዘው ለሷ መልእክት ይደርሳታል። ስለዚህ ተውነው። እናቴ ከተቀበረች በሦስተኛው ሳምንት ትኬቷ ገና በሕይወት ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት ከጎንደር ተነሣሁ። የሐዘን ጢሜን ተላጭቼ፣ ጥቁሩን አውልቄ፣ ወደ ሰርግ እንደሚሄድ ሰው ሰማያዊ ሸሚዝ ለበስሁ። ጫማዋን በጋዜጣ ጠቅልዬ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። አዲስ አበባ ሆቴል መያዝ ገንዘብ ማቃጠል ነው ብዬ አይሮፕላን ማረፊያው ወንበር ላይ አደርሁ። እናቴ ብትኖር እዚያ ወንበር ላይ ላሳድራት አስቤ እንደነበር ትዝ ሲለኝ አፈርሁ።

ሐሙስ ጠዋት መሳፈሪያው በር ላይ ድምፅ ማጉያው ጠራት። «ተሳፋሪ ወይዘሮ እናኑ፣ ተሳፋሪ ወይዘሮ እናኑ።» እህቴ ለወንበር መምረጫ እንዳትከፍል ብላ ለካ ረቡዕ ዕለት ሁለታችንንም በስልኳ አስመዝግባን ኖሯል። ሦስት ጊዜ ጠሯት። ሰው ሁሉ ዘወር ዘወር እያለ የምትመጣዋን አሮጊት ይፈልጋል። እኔም፣ አትሳቁብኝ፣ ዘወር ብዬ አየሁ።

በሩ ላይ ያለችው ልጅ ወረቀቴን አይታ «እናትዎ የት አሉ?» አለችኝ።

«አትመጣም።»

«አመማቸው?»

ሞታለች የሚለውን ቃል ለእህቴ ሳልናገር ለሷ መናገር ነውር መሰለኝ። «አዎ» አልኳት። «ይማርልዎት» አለችና ከፊቷ ባለው ማሽን ላይ አንድ ነገር ነካ አድርጋ አሳለፈችኝ።

በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር የእናቴ ነበር። ከኋላ የመጣ አንድ ጎልማሳ «ወንድም፣ ባዶ ከሆነ ልለፍ?» ሲለኝ አፌ ቀደመኝና «ሰው አለበት» አልኩት። ጎልማሳው ወንበሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ሄደ። ምግብ ስታድል የነበረችውም አስተናጋጅ ይኸን ሰምታ ኖሮ ሁለት ሰሃን አስቀመጠችልኝ። የኔን በላሁ። የሷ እንፋሎቱ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ተቀመጠ። ስንወርድ ቀበቶዋ ታስሮ አገኘሁት፤ ማን እንዳሰረው እንጃ፣ እኔ መሆን አለብኝ።

የአጎቴ ልጅ ግዛቸው መኪና ይዞ ጠበቀኝ። እሱም እንደ ዝናሽ በጋብቻ የወጣ ነው፤ ቤኤር ቱቪያ ነው የሚሠራው፣ መጋዘን ውስጥ። አቅፎኝ አለቀሰ፤ ወዲያው ደግሞ ዕንባውን ጠርጎ «ያላ፣ ቶሎ ግባ፣ የኛ ሰው እንዳያይህ» አለኝ። የሄድሁበትን አገር ሰላምታ ከዚህ ለዩት እንግዲህ።

«ዝናሽስ?» አልሁት።

«ኮል ቤሰደር፣ ሁሉ ደህና ነው። ዛሬ ጠዋት ሥራ ላይ ሳለች በረራው ለእሁድ ተላልፏል ብዬ ደወልኩላት።»

«አመነችህ?»

«ቤሰደር ብቻ አለች። ምንም አልጠየቀችም።»

ይኸ ነገር አላማረኝም። እህቴ በተለምዶ አንድ ነገር ስትነግራት አሥር ጥያቄ የምታዘንብ ሴት ናት።

ግዛቸው ዘንድ ማደር አይሆንም፤ የሚኖርበት ሰፈር ሰው ሁሉ ሐበሻ ነው፣ ቡናዬን ሳልጨርስ ወሬው ቂርያት ማላኪ ይደርሳል። ማንም የማያውቀኝ ቦታ ያስፈልገኛል። እህቴ ደግሞ እናቴ አራት ፎቅ መውጣት ስለማትችል ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች ጌዴራ ውስጥ አንድ ምድር ቤት ክፍል ተከራይታላት ነበር። ጺመር ይሉታል፤ ለእረፍት የሚከራይ የግቢ ክፍል ነው። «ኖፈሽ ትውጣ፣ በዕድሜዋ አንድ ቀን እንኳ አርፋ አታውቅም» ብላ ነው፤ ኖፈሽ የሚሉት የእረፍት ጉዞ ነው። ክፍሉም እንደ ትኬቱ ገንዘቡ የማይመለስ ስለሆነ በርካሽ አገኘችው። ቀኑን ላስቀይርልሽ ብሎ ግዛቸው ጉዳዩን ከእጇ ተቀብሏል፤ ሳያስቀይር ደግሞ እኔን ሊያሳድርበት አስቧል። «ተከፍሎበታል፣ ለምን ይቃጠላል?» አለኝ። ዘመዴ መሆኑን ያን ጊዜ አረጋገጥሁ፤ እኔም ለምን ይቃጠላል አልሁ።

ጌዴራ ከተራራ የወጣ ሰው ዝቅ ብሎ የሚያያት ትንሽ ኮረብታ ላይ ያለች ናት። ባሕር ዛፍ አላት፤ ሽታው የአዘዞን መንገድ አስታወሰኝና ደስ አለኝ። ባለቤቲቱ ሪና ትባላለች፣ እናቴን የምታህል ነጭ ፀጉር ያላት ሴት። አማርኛ አታውቅም፤ እኔ ዕብራይስጥ አላውቅም። ከመኪና ስወርድ ከኋላዬ ተመለከተች፤ የመኪናውን የኋላ በር ራሷ ከፍታ አጎንብሳ አየች። ከዚያ ግዛቸውን ጠየቀችው።

«እናትየዋስ ትለኛለች።»

«ምን አልካት?»

«በኋላ ትመጣለች አልኳት። ምን ልበል ታዲያ?»

ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው። አንደኛው እንደ ማንኛውም አልጋ ነው። ሁለተኛው ዝቅ ያለ፣ ከግድግዳው ጋር የተያያዘ መደገፊያ ብረት ያለው፣ ብርድ ልብስ የተደራረበበት፣ ሥሩ ነጠላ ጫማ የተቀመጠለት ነው። እህቴ ይኸን ሁሉ በስልክ ስታዝ ታየኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ጠበቀኝ፤ ሁለት ሰሃን፣ ሁለት ብርጭቆ፣ ሁለት ወንበር። እንቁላሉና አይቡ እንደ ጉድ ነው፤ ለኔ ግን ጾም ነው። ዳቦና ወይራ ፍሬ ብቻ ወሰድሁ። ለሪና አንድ ጣቴን አሳየኋት፣ አንድ ሰው ነኝ ለማለት። ራሷን ነቀነቀችና ሁለተኛው ብርጭቆ ውስጥ ሻይ ቀዳች። ስኳር ጨመረች፣ አማሰለች። ሁለተኛውን ወንበር ሰው ሊቀመጥበት እንደሆነ ወደ ኋላ ሳብ አደረገችው። ከዚያ ከወንበሩ በላይ፣ የሰው ፊት በሚሆንበት ቦታ፣ ትንሽ ፈገግ አለች።

እኔ መቼም ቡዳና ዛር የምፈራ ሰው አይደለሁም። ግን ዳቦውን መልሼ ሰሃኑ ላይ አኖርሁት።

ግዛቸው መጥቶ ወደ ያቭነ ወሰደኝ። ሩቅ አይደለም፣ ከጎንደር ማክሰኝት እንኳ አይሆንም። ከተማዋ አዳዲስ ረጃጅም ሕንፃ በቅላባታለች፤ በሕንፃዎቹ ሥር ግን ያገሬ ሽማግሌዎች በረድፍ ተቀምጠው ጭራ ይዘው አየሁ። ዝንብ የለም፤ ጭራው ግን አለ። ከነሱ አንዱ አባ ፈረደ፣ የዝናሽ ባል አጎት ነበሩ። ለቅሶም ሰርግም በዚያ አካባቢ ያለሳቸው አይሆንም።

ቤታቸው አስገብተው ካስቀመጡኝ በኋላ «ዛሬ ይነገራት» አልኋቸው። «ልቤ አልቻለም።»

«ዛሬ ሰንበት ይገባል፤ ሰንበት መርዶ አይሸከምም። ልቅሶ ተከልክላ ሐዘኗን አፍና ልትውል ነው? ቅዳሜ ማታም በጨለማ አይሆንም። እሁድ ጎሕ ሲቀድ እንሄዳለን። ሰዉን እኔ እጠራለሁ።»

ቀና ብለው ትክ ብለው አዩኝ። «መቼ አረፈች?»

«ሦስት ሳምንት አለፋት።»

«ቪዛችሁ ከዚያ በፊት ወጥቷል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ምን አዘገያችሁ?»

እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከሰው እንጂ ከሽማግሌ አልጠበቅሁም። «መንገዱ... ትኬት ጠፍቶ ነው» አልሁ። ዋሸሁ። አባ ፈረደ አልተከራከሩኝም። «ለኔ እንዳልከው ይሁን። እሷ ግን የምትጠይቅህ እሱን ነው» አሉኝና ምሳ አስቀረቡ። የጾም ሽሮ አሠርተውልኝ ኖሯል፤ የነሱ ጾም እንዳልሆነ ሳውቅ ደግነታቸው የበለጠ አስጨነቀኝ። እህቴ ይቅር ትለኝ ይሆን የሚለው ብቻ ነበር ከሽሮው ጋር የምውጠው።

ጌዴራ ስመለስ ክፍሌ ተጠርጓል። የኔ አልጋ ተነጥፏል። የዚያኛው ብርድ ልብስ ግን በአንድ ጥጉ ተገልጦ ታጥፏል፣ ለሚገባበት ሰው። ነጠላ ጫማዎቹ ከሥር ወጥተው ጎን ለጎን ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረዋል። ትንሿ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ትራሱ አጠገብ በርታለች፤ ብርድ በሌለበት ቀን! ላጠፋት እጄን ዘርግቼ መለስሁት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስልኬ ጮኸ። ዝናሽ ነበረች። እኔ ጎንደር ነኝ ተብሏል፤ ስለዚህ መስኮቱን ዘግቼ፣ ጥግ ላይ ቆሜ አነሳሁ።

«ማሩዬ፣ ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ እታለም። እሁድ መምጣታችን ነው።»

«በላህ?»

«በላሁ።»

«ዓርብ ነው፤ ጾምህን እንደምንም በላህ ማለት ነው።» እኔ የምጠብቀው አንድ ነገር ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ሁለተኛው ቃሏ «እማን አገናኘኝ» ነው። ተኝታለች የሚለውን ውሸት አዘጋጅቼ ምላሴ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። አልጠየቀችም።

ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ሳይረን ተነሣ። የጦር መስሎኝ ክው አልሁ፤ ለካ ሰንበት መግባቱን ማስታወቂያቸው ነው። በመስኮቱ በኩል በግራ ጆሮዬ ይሰማኛል። ቀኝ ጆሮዬ ላይ ስልኩ አለ። በስልኩ ውስጥም፣ ከእህቴ ቤት፣ ያው ሳይረን ይጮሃል። ሁለቱ ጩኸቶች ጭንቅላቴ ውስጥ ተገናኙ። ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ እሷም እኔም እናውቃለን። ስልኩን መዝጋት አቃተኝ፤ መናገርም አቃተኝ። ጩኸቱ በሁለቱም በኩል እስኪያልቅ ሁለታችንም ዝም ብለን አዳመጥን።

ሲያልቅ ድምፅዋ ረጋ ብሎ መጣ። «መስኮቱን ዘግተህ ተኛ፣ እሺ? እዚያ ቢንቢ አለ። ሰንበት ሰላም ማሩዬ።»

ጎንደር ቤቴ ቢንቢ የለም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ማሞቂያይቱ ከዚያኛው ትራስ አጠገብ ቀይ ሆና ታየኛለች።

ቅዳሜ እንደዚያ ያለ ጸጥታ አይቼ አላውቅም። እኛ አገር ጥምቀት ዕለት እንኳ አንድ ባጃጅ አይጠፋም። ጌዴራ መንገዱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ መብራቱ ለማንም ቀይ ይሆናል፣ ለማንም አረንጓዴ ይሆናል። ለግዛቸው ዓርብ ማታ «አወቀች መሰለኝ» ብዬ ደውዬ ነበር፤ «አይዞህ፣ ፍርሃትህ ነው» ብሎ ስልኩን ለሰንበት አጠፋው። አባ ፈረደም ስልክ አይነኩም። መኪና የለም፣ አውቶቡስ የለም። እህቴ ያለችበት ከተማ በመኪና ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ሰንበት ግን በመካከላችን እንደ ወንዝ ተኝቷል።

ሪና ቁርሱን ለሁለት አቀረበች። ከቁርስ በኋላ ሁለተኛውን ወንበር አንስታ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አኖረችው፤ ትራስ አደረገችበት። እኔ ከዛፉ ሥር ሆኜ አያታለሁ። ጥላው እየተሳበ መጥቶ የወንበሩን እግር ሲነካ ከቤት ወጥታ ወንበሩን ወደ ፀሐይ ገፋችው። ገባች። ጥላው እንደገና ሲደርስ እንደገና ወጣች። ቀኑን ሙሉ እንዲህ አደረገች። እናቴ ጠዋት ፀሐይ መሞቅ ትወድ ነበር፤ ይኸን ለዚህች ሴት ማን ነገራት?

አንድ ጊዜ ነገሩን ላበላሸው ብዬ፣ በፍርሃትም በንዴትም፣ ሄጄ ወንበሩ ላይ ልቀመጥ አልሁ። ሪና ከበሩ ሆና «ሎ» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ሕፃን እንደሚከለክሉ ነው። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ቆምሁ።

ከሰዓት በኋላ ወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። ካረፈች ጀምሮ ለሰው ያልተናገርሁት ወጣ። «እማዬ» አልሁ፣ «እኔ ነኝ ያዘገየሁሽ። ገንዘቡም የኔ አልነበረም። ርካሽ ማግኘት ስለምወድ ብቻ ነው።» ባዶ ወንበር እያናገርሁ አለቀስሁ። ያበደ ነው ብትሉኝ አልቀየማችሁም። ጥላው ወንበሩ ጋ ሲደርስ ሪና አልወጣችም፤ እኔው ተነሥቼ ገፋሁት።

እሁድ ሰማዩ ሳይገረጣ ግዛቸው መጣ። ሪና ነቅታ ጠበቀችን፤ ፌስታል ሰጠችኝ፤ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል፣ ሁለት ዳቦ። ሁለቱን ጉንጮቼን ሳመችኝ። ከዚያ በኔና በመኪናው መካከል ያለውን ባዶ አየር ተመለከተችና በቋንቋዋ አንድ ነገር አለች።

«ምን አለች?» አልሁት ግዛቸውን።

«ደህና ግቡ ነው ያለችው። ግን... ለብዙ ሰው የሚባለውን ነው ያለችው።»

ቂርያት ማላኪ ሕንፃው ሥር አባ ፈረደና ሰባት ስምንት ሰዎች ነጠላ ለብሰው ቆመዋል። ወደ ሥራ የሚወጡ ሰዎች በአጠገባችን ሲያልፉ ያውቁታል፤ በዚያ ሰዓት ነጠላ ያጣፋ ሽማግሌ ሲያዩ የማን ቤት ነው ብለው ቀና ይላሉ። አራቱን ፎቅ በቀስታ ወጣን። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ ይዣለሁ፤ ጫማዋ ውስጡ ነው። አባ ፈረደ ለማንኳኳት እጃቸውን ሲያነሱ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

እህቴ ፍራሽ መሬት አውርዳ ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሳለች። ለእንግዳ የሚሆን ወንበር ከጎረቤት ለምና በግድግዳው ዙሪያ ደርድራለች። ሃያ ዓመት በስልክ ያየሁት ፊት በአካል ከዚያ ያነሰ ነበር፤ የእናቴን መስሏል።

«ግቡ» አለች። «ጠበቅኋችሁ።»

አባ ፈረደ የመርዶውን ቃል ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች፣ «እሱ ይንገረኝ። ከዚያ ድረስ ተሸክሞት የመጣ እሱ ነው።»

«እማዬ አረፈች» አልኳት።

ያ ሁሉ ሰው እሷ እስክትጮህ ይጠብቃል፤ እሷ አልጮኸችም። «ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ላይ መጣልኝ» አለች። «አንድ ሰው ተሳፍሯል፣ አንድ ሰው አልተሳፈረም፣ ያልተሳፈረው መንገደኛ መመለሻ ትኬት ተሰርዟል ይላል። ያን እያነበብኩ ግዛቸው ደወለና በረራው ለእሁድ ተላለፈ አለኝ። እናቴን ወደኔ ከመምጣት ከሞት በቀር ምን ያስቀራታል?»

ግዛቸው ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ብቻሽን! ለምን አልመጣሽም እታለም?»

«ሰንበት ሊገባ ሲል መጥቼ ማንን ላስለቅስ? መርዶ ወግ አለው። ለኔ ብላችሁ የደበቃችሁትን እኔ ደግሞ ለናንተ ደበቅሁት። ሐሙስ ማታ ሪና ደወለችልኝ። አንድ ሰው ብቻ ነው የመጣው፣ የሁለተኛውን ላንሳ አለችኝ። አታንሺ አልኳት። አልጋዋን ግለጪላት፣ አሙቂላት፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጪያት አልኳት።» እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። «ሦስት ቀን ኖፈሽ ገዝቼላት ነበር ማሩዬ። ገንዘቡ አይመለስም ብለውኛል። ትረፍበት ብዬ ነው።»

ተንበረከክሁ። ለአባ ፈረደ የዋሸሁትን እፊታቸው አወጣሁት። «ጠብቂ ያልኩሽ እኔ ነኝ። በመስከረሙ ትኬት ብንመጣ ታገኚያት ነበር። እኔ ነኝ።»

«አንተ ጠብቂ አልክ» አለች፣ «ስልኩን የነካው ጣት ግን የኔ ነው። በተረፈው ገንዘብ ክፍሉን ልይዝላት ብዬ ነው። ለሁለታችንም ይበቃል፤ ብቻህን አትሸከመው።»

ጫማውን ከጋዜጣው አውጥቼ ሰጠኋት። ገለበጠችው። ሶሉ ተረከዙ ላይ ተበልቷል፣ የግቢያችን ቀይ አፈር በመስመሮቹ ውስጥ ደርቆ አለ።

«አዲስ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ።

«በየጠዋቱ ትለማመድበት ነበር። ወዳንቺ ስትመጣ እንዳትወድቅ።»

ያን ጊዜ ጮኸች። ሕንፃው በሙሉ ሰማ። ከታች እስከ ላይ በሮች ሲከፈቱ፣ ሴቶች ደረጃውን እየሮጡ ሲወጡ ይሰማኛል። ቀጥሎ የመጣውን ሳምንት በሙሉ ያ ጫማ ፊቱን ወደ ቤት አዙሮ በሩ ሥር ተቀምጧል፤ ለቅሶ ደራሽ ሁሉ እየተራመደው ሲገባ አንድም ሰው አልነካውም።

ባለፈው ሰኞ አንድ አናጢ ደንበኛዬ ሱቄ መጣ። አባቱ ሐዋሳ ናቸው፣ አሟቸዋል። ስልኩን አውጥቶ የአይሮፕላን ዋጋ አሳየኝ። «ማሩ፣ መቼም በዚህ ላይ እንዳንተ የሚያውቅ የለም። እስከ ወሩ መጨረሻ ብጠብቅ ይወርዳል?»

አየሁት። «ይወርዳል» አልኩት፤ እውነት ነውና። «አንተ ግን የነገውን ግዛ።»